የአባቴ ቮልስ ትልልቅ ጎማዎች

ልጅ እያለሁ በአባቴ መኪና አፍር ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴን ይሞቀኛል። ነገሩ ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ጌጃ ሰፈር ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር በነበረበት ጊዜ። አባቴ ሰይድ ኮት ሰፊ ነበር፤ ከዕድሜዬ እጥፍ የምትበልጥ ሰማያዊ ቮልስም ነበረችው። ስትነሳ ታስነጥሳለች። ወንበሯ የሞቀ ላስቲክና የቤንዚን ሽታ ነበረው። ዛሬ ያ ሽታ መንገድ ላይ ድንገት ቢመጣብኝ ቆም ብዬ እስበዋለሁ፤ ያኔ ግን ዩኒፎርሜ ላይ እንዳይቀር መስኮቱን ከፍቼ ነበር የምሄደው።

የክፍሌ ልጆች ከሩቅ ሲያዩን "ኤሊዋ መጣች" ይሉ ነበር። አባቱ ትልቅ የመስክ መኪና የሚነዳ አንድ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ጎማዋን አየና "ይሄ የብስክሌት ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ሳቁ። እውነትም ጎማዎቿ ቀጭን ነበሩ፤ ከክረምት በኋላ በሰፈራችን ጉድጓድ ስናልፍ ሆዷ ድንጋይ ይፍቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን ከትምህርት ቤቱ ሁለት መታጠፊያ ቀድሞ እንዲያወርደኝ ለመንኩት። በእግሬ መሄድ እወዳለሁ አልኩት። እሺ ብሎ እዚያ ያወርደኝ ጀመር። ቆሞ እስክሰወር ድረስ ግን ያየኝ ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ "መኪናችን ምኗ ነው ያስጠላሽ?" አለኝ። እናቴ በዓይኗ ዝም በይ ብትለኝም እኔ "ጎማዋ" አልኩ። እጅጌው አጠረብኝ ያለውን ደንበኛ እንደሚሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስለ አባቴ እጅ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍራም ሱፍ በከባድ መቀስ ሲቆርጥ፣ በከሰል ካውያ ሲተኩስ ኖሮ የቀኝ እጁ አንጓ አልቆ ነበር። ማታ ማታ እናቴ በሞቀ የጨው ውሃ ታሽለትና ከኮት ገበር በተረፈ ጨርቅ ትጠቀልልለታለች። ይህን በየቀኑ አያለሁ። ግን አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥለው ሜትር የሥራው ዕቃ ነበር የሚመስለኝ። ያመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወዳለው ጎሚስታ ግርማ ወሰደኝ። ትልልቅ ሰፋፊ ጎማዎች ከነብረት ቸርኬያቸው ተደርድረው ጠበቁን፤ ከሌላ መኪና የተነሱ ናቸው። የብሎናቸው ቀዳዳ ከቮልሷ ጋር ስለማይገጥም ግርማ ቀድሞ ብረት ወደሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ልኮ ማገናኛ ብረት አሠርቶ ነበር። ብረቱ ጎማውን ወደ ውጭ ገፋ፤ ጎማው ደግሞ ከላይ የሚሸፍነውን የፓራፋንጎ ጠርዝ ነካ፤ ስለዚህ ጠርዙ በሞረድ ተፋቀ። ግርማ ላቡን እየጠረገ "ጋሽ ሰይድ፣ ለሷ ይበዛባታል እኮ" አለው። አባቴ ወደ እኔ እያየ "ልጄ ወዳዋለች" አለ። እኔ እንኳን መውደድ፣ ጎማው ላይ ተጠምጥሜ ነበር።

የፊት አካሏ በክሪክ ከመሬት ተነስቶ እንዳለ ግርማ መሪውን ሞክሪው አለኝ። ገብቼ ግራና ቀኝ አዞርኩት፤ እንደ ቅቤ ነበር። አባቴም በመስኮቱ እጁን አስገብቶ አዞረውና ጥሩ ነው አለ። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ለማንም እንደማይከብድ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም፤ ግርማ እንኳ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሠራው ሰው። ወደ ቤት ስንመለስ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሙሉ ሰውነቱ መሪው ላይ ተደፋ። ደስ ብሎት የሚጫወት መስሎኝ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት የልጅነቴ ምርጥ ሳምንታት ናቸው፤ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አድርሰኝ አልኩት። ልጆቹ ከበው ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት፤ ያ ልጅ ሳይቀር "አሁን መኪና ሆነች" አለ። ቤት ውስጥ የአባቴ እጅ ላይ ያለው ጨርቅ ከአንጓው ተነስቶ ወደ ክርኑ እየወጣ ነበር። አልጠየቅኩትም።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። አባቴ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በልደታ ማለት ነው፣ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ እኔና እሱ ውጭ ቆመን ቅዳሴው እስኪያልቅ እንጠብቃለን። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ግን ይህ ከመወለዴ በፊት የተጀመረ ነገር ስለሆነ ማንም አይጠይቅበትም ነበር። የግንቦት ልደታ ዕለት ጠዋት እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና መኪናዋን ሲያዩ ቆሙ። ከፍ ብላባቸዋለች። አባቴ ከስፌት ሱቁ በርጩማ አምጥቶ አስረገጣቸው። "ሰይድ፣ ፈረስ አደረግሃት እንዴ?" እያሉ እየሳቁ ወጡ።

ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወደ ውስጥ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ጧፍ የሚሸጡ ሴቶች ላስቲክ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አባቴ በዝግታ መታጠፍ ጀመረ። መሪው ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። ብድግ አለ፤ ተደፋበት፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ። ፍሬን ሲይዝ የፊት ጎማው ላስቲኩ ላይ ወጥቶ ጧፎቹን ጨፍልቆ ነበር። አንዲት እናት አጠገቡ ቁጭ ያለች ሕፃን ልጇን በክንዷ ጎትታ አነሳቻት። በጎማውና በልጅቷ መካከል አንድ ስንዝር አይሞላም።

ሕፃኗ አልተነካችም። እናቲቱም አልተቆጣችም፤ ልጇን እየዳበሰች "ተረፈች፣ እመቤቴ አለች" ብቻ ነበር የምትለው። እማማ ጥሩነሽ "ምን ሆንክ የኔ ልጅ?" አሉት። አባቴ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ በግራው ይዞት ነበር። አፉን ከፈተ። ከዚያ በመስተዋቱ እኔን አየኝ።

"አላየኋትም" አለ። "ዓይኔ ደክሟል።"

ወጣቶች መኪናዋን ገፍተው አስጠጉልን፤ እማማ ጥሩነሽንም ሁለት ሰዎች ደግፈው ወሰዷቸው። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ነድቶ አያውቅም። ቮልሷ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለበሰች። ግርማ አንድ እሑድ መጥቶ የድሮውን ጎማ ልመልስልዎት ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አባቴ ዓይን ከሌለ ጎማ ምን ይሠራል ብሎ ሸኘው። እኔ ተቀየምኩት። መነጽር ግዛና ንዳ እያልኩ ነዘነዝኩት። እውነትም መነጽር አደረገ፤ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ ግን ወደ ግንባሩ ከፍ ያደርገዋል፤ አንዴም አይስትም። ይህንን ሁሉ እያየሁ አላየሁም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እማማ ጥሩነሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ቅዳሴ ይሰሙ ነበር። አባቴ ያን ቀን ሱቁን አርፍዶ ይከፍታል፤ በእሳቸው ደጅ ማለፍ ስለሚያቅተው።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ሰፈራችን ሊፈርስ ሆነ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ መንጃ ፈቃድም አውጥቻለሁ። ቮልሷን አንድ ሰው ሊወስዳት መጣ። ጎማዎቿን ነፋ፤ ሞተሯ ግን አልነሳ ስላለ የሰፈር ልጆች ሊገፉ ተሰለፉና እኔ መሪ ልይዝ ገባሁ። አባቴ በሩ ጋ ቆሞ ወደ ቀኝ በይው አለኝ። ያዝኩት። አልሄደም። ሁለት ጤነኛ እጅ ያለኝ የሃያ ዓመት ወጣት ነኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ስታገል ሳላውቀው ከወንበሩ ብድግ ብዬ በሙሉ ሰውነቴ መሪው ላይ ተደፍቻለሁ።

ያኔ ገባኝ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ወደ መሬት አየ። ልጆቹ "ምነው ቆምሽ?" ሲሉኝ እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ግፉ አልኳቸው። ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ፤ ግን ይቅርታ ብለው ያን ሁሉ ዓመት የደበቀልኝን ነገር ከእጁ እንደ መንጠቅ ሆነብኝ። መሪውን ወደ ቀኝ መግፋቴን ቀጠልኩ።

አሁን ሕንፃው በበዛበት ልደታ ውስጥ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት እቸገራለሁ። የዛሬዎቹ መኪኖች መሪያቸው በአንድ ጣት ይዞራል፤ ወንበራቸው ምንም አይሸትም፤ ልጄም በመኪናዬ አታፍርም። አባቴ ከመሞቱ በፊት ባለው ዓመት ከሐኪም ቤት ስመልሰው በዚያ በቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ አለፍን። በአንድ እጄ ሳዞር አፍጥጦ ሲያየኝ ተሰማኝ።

"መሪው አይከብድሽም?" አለኝ።

ሁለተኛ እጄን አመጣሁና መሪውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። "ይከብዳል አባ" አልኩት። "በጣም ይከብዳል።"

ከዚያ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ቀስ እያለ እያሸ "አዎ" አለ፤ "እጅ ይጎዳል።"

በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ እጁ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።