የአያ ሙሄ እንቁራሪቶች

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ አንድ ሕንፃ በር ላይ ለፍተሻ ቆሜ ሳለሁ፣ ጥበቃው ደረቱ ላይ ያንጠለጠላት ጥቁር ሬዲዮ «ሽሽሽሽ» ብላ ስትጮህ ቦርሳዬን ከፍቼ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያ ድምፅ የጋለ ዘይት ላይ ውኃ ጠብ ሲል የሚሰማውን ይመስላል፤ ሌላው ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ እኔ ግን ልጅነቴን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ጥበቃው ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ከእኔ ቀድሞ ስላለፈው ሰው ከፊቱ ለቆመው ባልደረባው «ሰውየው ገብቷል» ብሎ አስታወቀ። ባልደረባው ሰውየውን በዓይኑ እያየው ነበር። ወዲያው የእናቴ ወንድም አያ ሙሄ ትዝ አለኝና እየሳቅሁ ገባሁ።

አያ ሙሄ ከዐረብ አገር የተመለሰው በበጋ ነበር። ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ቴርሞስ ተሸክሞ ሲመጣ እሱ ሁለት የቻይና መገናኛ ሬዲዮ ይዞ ከች አለ። ርካሽ መሆናቸው ገና በእጅ ሲያዙ ያስታውቃል፤ እሱ ግን እንደ ታቦት በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር ያወጣቸው። አንዱን ሐይቅ ከተማ፣ ወልድያ መንገድ ዳር ባለችው ሱቁ አስቀረው፣ ሌላውን ወደ አምባሰል ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ፣ ከአያቴ ከአባ ይማም ጋር ለምትኖረው ሚስቱ ለዘሀራ ላከላት፣ እዚያ ያኔ ስልክ አይሠራም ነበርና። ሐሳቡ ለክፉ አልነበረም፤ የአያ ሙሄ ሐሳብ መቼም ለክፉ ሆኖ አያውቅም፣ ችግሩ ሁልጊዜ ሐሳቡ ውስጥ አያ ሙሄ መኖሩ ነበር። በገበያ ቀን አንቴናውን ከሸሚዝ ኪሱ አሹሎ፣ ሰው ካላየው ተመልሶ እንደገና እያለፈ ሲንጎራደድ ይውላል፣ የባጃጅ ሾፌሮቹም «ኮማንደር! ኮማንደር!» ይሉት ነበር። ሹመት መስሎት እጁን ያነሳላቸዋል።

የዚያ ዕቃ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ የተጫነ ይናገራል፣ የለቀቀ ይሰማል፣ ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ ማንም ማንንም አይሰማም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለወሎ ሰው የሚያመጣ ወይ ወሎን አያውቅም ወይ ዕቃውን አያውቅም፤ አያ ሙሄ ሁለቱንም አያውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ሰላምታ ላይ ተራ አይጠበቅም። አንዱ «እንዴት ናችሁ» ሲል ሌላው «ደህና ናችሁ ወይ» ብሎ ከላዩ ይደርብበታል፣ የልጆቹ ጤና፣ የከብቱ፣ የዝናቡ እየተጠየቀ «አልሐምዱሊላህ» በ«አልሐምዱሊላህ» ላይ ሲነባበር ይቆያል፣ አፉን ዘግቶ የሌላውን ሰላምታ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ቢገኝ «ምን አስቀየምነው?» ተብሎ ሽማግሌ ይላክበታል። እናም ባል ከታች፣ ሚስት ከላይ፣ እኩል ተጭነው እኩል ሰላም ሲባባሉ ቆይተው እኩል ሲለቁ «ሽሽሽሽ» ብቻ ይሰሙ ነበር፤ አባ ይማምም ጩኸታቸውን ሰምተው ዕቃዎቹን «የሙሄ እንቁራሪቶች» አሏቸው። «ሰላም ብያት ዝም አለችኝ» ብሎ እሱ ያኮርፋል። ዘሀራም ከላይ ሆና እንዲሁ አኩርፋ እንደከረመች የሰማነው ለገበያ ስትወርድ ነው።

በልግ ሲገባ ሕግ አወጣ። ተናጋሪው ሲጨርስ «ለቀቅሁ» ብሎ ጣቱን ያነሳል፣ ያኔ ሌላው ይጀምራል። ሕጉ መልካም ነበር፤ አውጪው ግን ከሕጉ በላይ ነበር። «ለቀቅሁ» ይልና ጣቱን ሳያነሳ «ኧረ አንድ ነገር ረስቼ» ብሎ ይቀጥላል። ወሬውስ ወሬ ቢሆን! «ዘሀራ፣ እዚያ ደመና አለ ወይ? ለቀቅሁ» ይላታል፣ ተራራው ፊት ለፊቱ ተገትሮ፣ ደመናው አናቱ ላይ ተጎልቶ፣ ቀና ቢል የሚያየውን ነገር። እሷ «አለ» ስትለው ሱቁ ፊት ወደሚቀመጡት ሻይ ጠጪዎች ዞሮ «ላይ ደመና አለ» ብሎ ያበስራል።

እናቴ ሉባባ ይህን ሁሉ እያየች ከንፈሯን ታጣምማለች እንጂ ትንፍሽ አትልም፤ ምክንያት ነበራት። አባ ይማም በከብታቸው የሚኮሩ ገበሬ ነበሩ፣ እናቴ የሐይቁን ዓሣ አጥማጅ አባቴን ያለ ፈቃዳቸው ስታገባ «የዓሣ እሾህ ለቃሚ አገባች» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት፣ እኔ ተወልጄ ፊደል እስክቆጥር ድረስም ደጃቸውን አልረገጠችም። ቤታቸው ከግቢያችን ይታይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲመታው ያብለጨልጫል፣ እሷም ልብስ ስታሰጣ ጀርባዋን ለዚያ ጉብታ ሰጥታ ነበር፤ ልጅ ብሆንም ለምን እንደማትዞር ይገባኝ ነበር።

ክረምቱ ሲከብድ አባ ይማም ታመሙ። እኛ ዘንድ ሞት የቀረበው ሰው ከተቀያየመው ጋር አፉ ይባባላል፤ ይቅር ሳይባባሉ የተለያዩ ሰዎች ሐቃቸው እዚያኛው ዓለም ድረስ ይከተላቸዋል። አንድ ከሰዓት የዘሀራ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ «አባ ‹ሉባባን አፉ ልበላት፣ እሷም አፉ ትበለኝ› ብለዋል። ለቀቅሁ።» እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ «ልውጣ» አለች።

«ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ የጭቃ ላቁጦ ሆኖ?» አላት አያ ሙሄ። «በዚህ ዘመን ለአንድ ቃል ተራራ ይወጣል እንዴ? እኔ አለሁ አይደል!»

እሱማ ነበረ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቁ ፊት አግዳሚ ወንበር አስደርድሮ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ሲመለሱ ዝናብ ያስጠለላቸውን አንድ ቄስ ሳይቀር አስቀምጦ፣ መሐል ቆመና ቁልፉን ተጫነ። በዱዓ ጀመረ። ከዱዓው ወደ ሰላምታ ተሻገረ፣ ከሰላምታው ሬዲዮውን ከዐረብ አገር እንዴት እንዳመጣው ወደ መተረክ ሄደ፣ የሚሞት አባቱ ወዲያኛው ጫፍ ላይ እየጠበቁት። እናቴ ከፊቱ ቆማ እጇን ዘርግታ ነበር። በመጨረሻ ቄሱ «አያ ሙሄ፣ እኅትዎ ትናገር እንጂ!» ሲሉት «ቆይ አባ፣ ሥርዓት አለው» ብሏቸው ቀጠለ።

ያኔ እናቴ ሬዲዮውን ከእጁ ነጠቀችው። «አባ፣ እኔ ነኝ፣ ሉባባ ነኝ፣ አፉ በሉኝ፣ እኔም አፉ ብያለሁ፣ አባዬ አፉ በሉኝ…» እያለች፣ እያለቀሰች፣ ቁልፉን ጨምቃ ይዛ አልለቅ አለች። ማን አስተምሯት! ያን ዕቃ ከአያ ሙሄ በቀር የነካው ሰው አልነበረም። አባቴ ሮጦ ጣቷን ፈልቅቆ ሲያነሳው የዘሀራ ድምፅ ጅራቱ ብቻ ደረሰን፤ «…ብለዋል፣ ሰማሽ ወይ? ለቀቅሁ።» እናቴ መልሳ ስትጫን ሬዲዮው ውስጥ ባትሪ ሲያልቅ የምታስታውቀው ቻይናዊት በቋንቋዋ አንድ ነገር አለችና ባትሪው አበቃ። በቤተሰባችን ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው እሷ ሆነች።

በማግሥቱ ጠዋት ወጣን። አባቴ በጀርባው አዝሎ ወንዙን አሻገረኝ፣ እናቴም ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃውን እያቦካች ስትሄድ አንዴም አላረፈችም። አባ ይማም መደቡ ላይ ተጋድመው፣ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ አገኘናቸው።

«አባ፣ አፉ በሉኝ» አለች እግራቸው ሥር ተንበርክካ።

«ብያለሁ እኮ፣ ትናንት። በዚያ በሙሄ እንቁራሪት።»

«አልሰማሁም አባ። አንዴ ብቻ በሉኝ።»

«አፉ አንዴ ነው» አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ። «ደጋግሞ የሚባል ፍቺ ነው።»

ከዚያ እኔን አዩኝና «ይቺ የእሾህ ለቃሚው ናት?» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ የእናቴንም አንጓ ያዙና እስክንወርድ አልለቀቁትም። ልብ ላለው ከዚህ ወዲያ አፉ ማለት የለም። እናቴ ግን የምትፈልገው ቃሉን ነበር፣ ከአፋቸው ሲወጣ በጆሮዋ መስማት፤ አልሰሟትም እንጂ እሷስ ያን ቀን በሬዲዮው ስንቴ ደጋግማ ለምናቸው ነበር። መስከረም ጠብቶ ማሳው ገና ሳይታጨድ ሞቱ።

ለለቅሶው በተጣለው ዳስ ውስጥ አያ ሙሄ እየተዘዋወረ «ሬዲዮዬ ባይኖር አፉ ሳይባባሉ ይቀሩ ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት፤ ያን ቀን የናቅሁትን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም። ዘሀራ ያኔ የተባለውን ስትጠየቅ አንድ ጊዜ «አፉ ብያታለሁ፣ ልጄ ናት ነው ያሉት» ትላለች፣ ሌላ ጊዜ «ከነባሏ አፉ ብያለሁ» ይሆናል፣ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ቃሉ እየረዘመ ምርቃት ይጨመርበታል። እናቴ በየጊዜው እንደ አዲስ ትጠይቃታለች፣ እንደ አዲስ ታዳምጣለች፣ ከዚያ «እንግዲህ» ብላ ትነሳለች።

አሁን ከአያቴ ቤት ጀርባ የስልክ ማማ ቆሟል። ሁለት ሰው እኩል ቢጮህም የሚችል ዕቃ ስለመጣ ወሎዬ ሁሉ እንደልቡ እየደራረበ ሰላም ይባባላል፤ አያ ሙሄም ሸምግሎ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ከሰሚው ሁሉ ጋር ያወራል። ከሬዲዮዎቹ የአንዱን አንቴና ዘሀራ ዶሮ ታባርርበታለች፣ ሌላው የት እንደገባ የጠየቀ የለም።

እኔ አርብ አርብ ወደ ሐይቅ ለእናቴ እደውላለሁ። እንደ ሌላው ሰው አትደራርብም፤ የምትለውን ትልና «ለቀቅሁ» ብላ ፀጥ ትላለች። «እማ፣ ይሄ እኮ ስልክ ነው፣ እየተናገርሽም ትሰሚኛለሽ» ብያት ብያት ታከተኝ። ትንፋሿን ይዛ፣ ከወዲያ በኩል የሚመጣውን ቃል አንዲት ፊደል እንዳታመልጣት ስትጠብቅ ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ እኔም ተረቤን ትቼ፣ ቶሎ ብዬ፣ «ሰምቻለሁ እማ» እላታለሁ።