የየኔታ ፊልጶስ ሩብ ሰዓት

አባቴን የኔታ ፊልጶስን አራዳ ውስጥ የማያውቃቸው ቢኖር እንግዳ ሰው ነው። ከአርባ ዓመት በላይ በደብሩ ግቢ ፊደልና ዳዊት አስተምረዋል። እኔ ራሴ ልጃቸው ሆኜ «አባዬ» ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምላቸው። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ሰውየውን እንድታውቋቸው ነው።

ልጄ ጽጌሬዳ ሦስት ዓመት አልፏትም አፏን አልፈታችም ነበር። ጠበልም ወሰድኋት፣ ሐኪም ቤትም። ጆሮዋ ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የንግግር ሕክምና ወደምትሰጠው ወደ ሄለን ላኩን። ሄለን ልጅቱን ስታጫውት ቆይታ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ ጋ የምትመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ዋናው ሥራ ቤት ነው። በየቀኑ ሩብ ሰዓት አጫውቷት። ስትሳሳት አታርሟት፣ ድገሚም አትበሏት። ውሃን ‹ዋ› ካለች፣ ‹አዎ፣ ውሃ› ብላችሁ ቀድታችሁ ስጧት፤ አለቀ።»

እኔ ቀን ቀን ፒያሳ ኬክ ቤት ስለምሠራ ሩብ ሰዓቱን የኔታ ወሰዱት። የሄለንን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ሳቁብኝ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላትን ሄለንን ማለታቸው ነው። «ስሕተት ከታለፈ ሥር ይሰዳል። ኋላ ማን ይነቅለዋል?»

ዝም አልሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

ክፉ እንዳይመስሏችሁ። እጃቸው በልጄ ላይ አርፎ አያውቅም። ሲያስተምሩ ግን አንድ ልማድ አላቸው፤ ተማሪ ሲስት ሌባ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ያነሣሉ። ያን ጊዜ ንባቡ ይቆምና ከመጀመሪያው ይጀመራል። እኔም ያደግሁት ከዚያች ጣት ሥር ነው።

በሁለተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ጽጌሬዳ እየሮጠች ሄዳ ጉልበታቸውን አቀፈችና «ባባ» አለች። ሰው ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። እኔን እንኳ ጠርታኝ አታውቅም። የኔታ እንባቸው መጣ። እንባው ሳይደርቅ ጣታቸው ተነሣች።

«አባባ በይ። አ… ባ… ባ።»

ልጅቱ ጣታቸውን አየች፣ ፊታቸውን አየች። እጇን ከጉልበታቸው ላይ አነሣች።

«ድገሚ፣ የኔ ሸጋ» አሉ፣ በፍቅር። አልደገመችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሳቸው በእጅ መጠቆም ብቻ ሆነ። ለውሃ ማለት የጀመረቻት «ዋ»ም ቀረች። የኔታን ይዤ ሄለን ጋ ሄድሁ፤ ስትሰማ አልተቆጣችም። «የኔታ፣ ሞክራ ነበር እኮ። መሞከሩን ነው ያስቆምንባት» አለች፣ ጥፋቱን ከራሷም ጋር ተካፍላ። የኔታ ተነሥተው ወጡ። ባጃጅ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ «ምነው አጥብቀሽ አልነገርሽኝ?» አሉኝ። ለየኔታ አጥብቆ የሚናገር ልጅ የት አለ?

ሩብ ሰዓቱን ከሥራ መልስ እኔ ያዝሁት። ቀስ እያለ ቃሉ መጣ። አሁን ጽጌሬዳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር፣ ከዶሮዋ ጋር ሳይቀር ታወራለች፤ ዝም በይ ብትባል አትሰማም። ከየኔታ ጋር ግን የለም። ምግባቸውን ታቀርባለች፣ ጫማቸውን ታነሣላቸዋለች። ቃል ብቻ ነው የነፈገቻቸው። እኔም ለማን እንደማለቅስ አላውቅም፣ ለእሷ ይሁን ለእሳቸው።

የኔታ ዛሬ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይቀመጡላታል። ሄለን ያለችውን አንድ በአንድ ያደርጋሉ። ከጎኗ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ከጭቃ የሠራቻቸውን ላሞች እያዩ፣ «ላሟ ውሃ ጠጣች» ይሏታል። ከዚያ ይጠብቃሉ። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ጽጌሬዳ ፈገግ ትላለች፣ ላሟን ታቀብላቸዋለች፣ ትንፍሽ አትልም።

ትናንትም እንዲሁ አለፈ። ሲበቃት ብድግ ብላ ወጣች። ከበሩ ሳትርቅ ለጎረቤታችን ልጅ ለሃና መተረክ ጀመረች፤ ላሟ ውሃ እንደ ጠጣች፣ ጥጃዋ እንደ ጠፋች፣ ሁሉንም። ብርድ ስለነበር በሩን ልዘጋ ተነሣሁ።

«ተይው» አሉኝ የኔታ፣ ከመሬት ሳይነሡ። «ክፍት ይሁን።»

ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ታሪኩን እስክትጨርስ ሁለታችንም አዳመጥናት።