አክስቴና የዛጎሎቹ ካንሰር

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነው። በአንድ ቀን ዘግይቼ ደርሼ ቢሆን ኖሮ እናትና ልጅ ተቀያይመው ይቀሩ እንደነበር ሳስበው አሁንም ያስደነግጠኛል።

የቢቸና ልጅ ነኝ። ሥራዬ የረቂቅ ተህዋስያንን ዘረመል በኮምፒውተር መመርመር ነው። መጀመሪያ የሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ሳጠና እናቴ ሰው ፊት አንጀት ማለት እያሳፈራት፣ “የኮምፒውተር ሥራ ነው” ብላ ታልፈው ነበር። ኋላ ባሕር እንኳ አይቼ ሳላውቅ ወደ ባሕር ዛጎሎች፣ ማለትም ዛጎል ለብሰው ወደሚኖሩ ትናንሽ የባሕር እንስሳት፣ ካንሰር ተዛወርኩ። ይህ ካንሰር ጉደኛ ነው፤ ሕዋሱ ራሱ በውሃ እየሄደ ከአንዱ ዛጎል ወደ ሌላው ይተላለፋል። እናቴ ዛጎሉን ትታ፣ “ልጄ ተላላፊ ካንሰር ነው የሚያጠናው” እያለች ለቢቸና ገበያ ሁሉ አወራች።

ከበዓሉ በኋላ ሞጣ ወደሚኖሩት የእናቴ ታላቅ እህት፣ ወደ እትዬ ጥሩዬ ሄድኩ። አክስቴ የጡት ካንሰር ታመው፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ድነዋል። ልጃቸው ዓለምነሽ ደግሞ እንደ አገሩ ወግ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታ አራስ ነበረች።

አክስቴን በር ላይ ልስማቸው ስጠጋ ወደኋላ አፈገፈጉ። “ተው ልጄ፣ እዚያው ሁን” አሉኝ።

ግራ ገብቶኝ ስገባ ዓለምነሽ ታለቅሳለች። “እናቴ ልጄን አንድ ቀን አላቀፈቻትም። ማድ ቤት ነው የምታድረው፤ የምታርሰኝ ጎረቤት ናት። ሴት ስለወለድኩ ይሆናል። ነገ ወደ ባሌ ቤት እሄዳለሁ፣ ዓይኗንም አላይ” አለችኝ።

ወጥቼ አክስቴን ያዝኳቸው። ብዙ ከለመንኳቸው በኋላ ነው የተናገሩት።

“ካንሰር ይተላለፋል ብለህ የለ? ከቢቸና የመጡ ሰዎች ነገሩኝ። ለሷ ብነግራት ደንግጣ ጡቷ ይደርቃል። ይልቅ ትጥላኝ።”

“እትዬ፣ እሱ የዛጎሎች ነው! የርስዎ በሽታ በማቀፍም፣ በመሳምም፣ አብሮ በመብላትም ሰው አይዝም” አልኳቸው።

“ማርያምን በል።”

“ማርያምን!”

አሁንም አላመኑኝም። ለብቻቸው የለዩትን ብርጭቆ አነሳሁና የተረፋቸውን ጠላ ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። “ውይ ልጄ!” ብለው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው እየተጣደፉ ገቡ፤ ሕፃኗን ከእናቷ እቅፍ ነጥቀው፣ አንገቷ ሥር ገብተው ተንሰቀሰቁ። ዓለምነሽ ነገሩን ስነግራት፣ “እናቴን! እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር” ብላ ተጠመጠመችባቸው። እኔም ከነሱ ጋር አለቀስኩ፤ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ከሁሉ በፊት፣ “ሰው አይነካም” እላለሁ፤ ስለ ዛጎሎቹ የማወራው ከዚያ በኋላ ነው። ዓለምነሽ ስትደውል፣ “ልጄን ቀማችኝ እኮ፣ ካላቀፈቻት አትተኛም” እያለች በእናቷ ታማርራለች። እሰይ፣ ታማርር!