ምህረት ያላየቻት አንበሳ

ልጅ ሳለሁ፣ አባያ ዳር ባለው የሙዝ ማሳችን፣ ማታ ማታ ትንኙን ለማባረር በምናጨሰው የበቆሎ ቆረቆንዳ ዙሪያ የአንበሳ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ተረት ነጋሪያችን የእናቴ ወንድም አጎቴ ዘለቀ ነው፤ ነጭ ሳር ሜዳ ላይ ለዓመታት ስካውት ሆኖ የዱር አራዊት ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ እኛ ጋ የገባ፣ ወሬ የሚጣፍጥለት ሰው። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፋኖሱ የፊቱን ግማሽ ብቻ እያሳየን፣ ፍሙ ላይ የጣልነው እሸት አርሮ እስኪሸተን ድረስ አፍ አፉን እናየው ነበር። «በቋንቋችን ጋሞ ማለት አንበሳ ነው፤ የገዛ ስማችሁን ተማሩ!» ይለን ነበር።

ያኔ እኔ አንበሳ ሲባል ጎፈሩን ነስንሶ የሚያድን ንጉሥ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ሳቀብኝ። «ወይ ጉድ! አዳኟ እሷ ናት እንጂ! ሴቶቹ ሣር ለሣር ተስበው፣ አንዷ ከግራ አንዷ ከቀኝ ከበው የሜዳ አህያውን ይጥሉታል። ጌታው ጥላ ሥር ተጋድሞ ይውልና ሥጋው ሲቀርብ ‹ዞር በሉ› ብሎ ይቀመጣል። እንደ አንዳንድ አባወራ!» እናቴ ከጓዳ ሆና ትስቃለች፤ አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ይስላል።

ከሁሉ የምወደው ግን የወላዷን አንበሳ ወሬ ነበር። ከመንጋው ተለይታ ጥሻ ውስጥ ትወልዳለች፤ ጠረናቸው አካባቢውን ሲሞላው፣ ጅብ ሳይደርስባቸው፣ ደቦሎቿን ማጅራታቸውን በአፏ ይዛ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጥሻ ታሸሻለች። ያኔ ያገኛት ሰው ባለበት ይቁም፤ የሚሮጥ ሁሉ ለአንበሳ ሥጋ ነው። እዚህ ሲደርስ አጎቴ በድንገት ያገሳል። እኔ ክው ብዬ እደርቃለሁ። የአምስት ዓመቷ እህቴ ምህረት ግን እየጮኸችና እየሳቀች ትፈረጥጣለች። «ተበላሽ!» ይላታል። በማግስቱም ያው ነው፤ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍየላችን ገመዷን በጥሳ ጠፋች፤ ምህረትም ተከትላት ከማሳው ወጣች። እኔና አጎቴ ፍለጋ ሄድን። ጥሻው አጠገብ ካለው ገላጣ ቦታ ስንደርስ ምህረት ብጣሽ ገመዷን ይዛ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ቆማለች። ከኋላዋ፣ ከቤታችን እስከ ጎረቤታችን ደጅ በሚሆን ርቀት፣ አንበሲት ቆማለች። ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋለች፤ ጭራዋ ሣሩን ይገርፋል። እግሯ ሥር የሆነ ነገር ይርመሰመሳል። ደቦሎች! ጌታ ሆይ! እህቴ አላየቻትም። ከነገርናት ደግሞ እንደ ልማዷ ትሮጣለች፤ ከሮጠች አለቀላት።

አጎቴ አልጮኸም። እሳት ዳር እንዳለ ሰው ባለበት ቁጢጥ ብሎ፣ «ምህረትዬ፣ አዲስ ተረት ልንገርሽ» አላት።

«አሁን? በቀን?»

«በቀን የሚነገር ነው። እግርሽን ካነሳሽ ግን አልጨርስልሽም።»

ጀመረ። አንበሲቷ አንዱን ደቦል በአፏ አንጠልጥላ ጥሻው ውስጥ ገባች። ሄደች! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወደ እህቴ ልሮጥ ስል አጎቴ ተረቱን ሳያቋርጥ ክንዴን ጨምድዶ አስቀረኝ። ለካስ አንድ በአንድ ነው የምትወስደው! ሣሩ አሁንም ይርመሰመሳል። «ከዛስ?» ትላለች ምህረት፤ አጎቴ ይጨምራል። እንዳመሉ ያገሳ ይሆን ብዬ ልቤ ቀጥ ሲል፣ እሱ ወሬውን በሌላ በኩል ያዞረዋል። አንበሲቷ ተመለሰች። ቆማ አየችን። ዓይኗን ከእኛ ሳትነቅል ሁለተኛውን አነሳች፤ የትንሹ እግሮች አየር ላይ ሲወዛወዙ ዛሬም ይታዩኛል። ከዚያ ጥሻው ዋጣቸው፤ ሣሩም መርመስመሱን ተወ።

አጎቴ ጥቂት ቆይቶ «በይ ነይ፣ ቀስ ብለሽ» አላት፤ መጥታ እቅፉ ውስጥ ገባች። ቤት ደርሰን ጉዱን ስናወራ ለቅሶ ተነሣ። የእናቴ እንዳይመስላችሁ! ምህረት ናት፤ «ለምን አላሳያችሁኝም? አንበሳ ሳላይ!» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ፍየሏ ለካ ቀድማን ገብታ ደጃፍ ላይ ታመሰኳለች።

ዛሬ ምህረት ጨንቻ መምህርት ናት፤ በተገናኘን ቁጥር ትወቅሰኛለች። የአንበሳ ግሳት ከሰማሁ ዘመን ሆነኝ፤ ልጆቼም አንበሳን የሚያውቁት በስልክ ነው። የዚያን ቀኑን ተረት ልነግራቸው ብሞክር አልቻልኩም፤ ዓይኔም ጆሮዬም አንበሲቷ ላይ ስለነበር አንድ ቃል አልሰማሁም። ምህረት ግን ከነነቁጡ ታስታውሰዋለች። አጎቴ እንደዚያ ያማረ ተረት ተናግሮ አያውቅም፣ ድምፁም ማር ነበር ትላለች። እውነቷን ነው፣ ድምፁ ዝንፍ አላለም። ክንዴን የያዘው እጁ ግን እኔን ራሴን እስኪያወዛውዘኝ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን ለምህረት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።