ምስጢር የጠበቅሁበት ቀን

እኔ ወሬ ከሆዱ የማያድር ሰው ነኝ። ይህን ጎንደር ፒያሳ ላይ ከእኔ ዘንድ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው የፍርድ ቤት ማመልከቻውን አስነስቶ ገና ከበሩ ሳይርቅ፣ ደጅ የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች በክርክሩ ለሁለት ተከፍለው ይጠብቁታል። አባቴ ገጠር ተቀምጦ እንኳ ጠባዬን አሳምሮ ያውቀዋል። በደወልሁ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ የማንን ጉድ አወጣህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እነግረዋለሁ፤ ሳል እስኪይዘው ይስቃል።

ስለዚህ አንድ ዓርብ ጠዋት አጎቴ ደውሎ ያን የሚያህል ምስጢር ለእኔ ሲሰጠኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

«የሰዓት ሠሪው አባት አረፉ» አለኝ። ሰዓት ሠሪው ከሱቄ አጠገብ የሚሠራው አብሮ አደጌ ነው። የአንድ መንደር ልጆች ነን፤ መንደራችን ከደባርቅ ወዲያ ተራሮቹ መሀል ነው። «ነገ ይዘኸው ና። እንዳትነግረው! እሑድ ሲነጋ እኛው ከቤቱ እናረዳዋለን።»

«ምን ብዬ ላምጣው?»

«ዋሽ እንጂ! ደግሞ መንገድ ላይ እህል አብላው፤ ከሰማ በኋላ አይቀምስም።»

«አባቴስ እንዴት ሆነ?» አልሁ። ከሟቹ ጋር ከልጅነት ጀምሮ የማይነጣጠሉ ወዳጆች ነበሩ።

«አባትህማ ድንኳን ሲያስተክል ነው ያረፈደው» አለና ዘጋው።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሜዳ ላይም አይነገርም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ምንም ሳያውቅ ቤቱ ይገባል፣ ይተኛል፣ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል። እስከዚያ ይዞት የሚመጣው ሰው መዋሸት ግዴታው ነው፤ በኋላም ማንም አይቀየመውም።

ሦስት ውሸት አዘጋጅቼ ወደ ሰዓት ሠሪው ገባሁ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ብሎን ሲያይ የሚውል ዓይን ነው ብዬ አለፍሁት። «አገር ቤት ደርሰን ብንመጣስ?» አልሁ። «እኔም ልልህ ነበር!» አለኝ፤ አፌ ሳይከደን። አንዱም ውሸቴ ሳያስፈልግ በመቅረቱ ትንሽ ቅር አለኝ። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ደባርቅ ገብተን አደርን።

ችግሩ ማግስቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን መሆኑ ነበር። የመኪናውን መንገድ ከያዝን ከመንደራችን የሚመጣ ገበያተኛ ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» እያለ ጉዳችንን ያፈላዋል። አራት የተራራ ጫፍ የሚያስወጣ፣ ከንጋት እስከ ማታ የሚያስኬድ፣ ሰው የማይገኝበት ሌላ መንገድ አለ። «በተራራው እንሂድ» አልሁ። «ሸጋ ሐሳብ!» አለ፤ ያውም ጉልበቱን የሚያመው ሰው።

ገና ስንነሣ ቦርሳውን ልሸከምለት ብዬ ያዝሁ። እሱ ደግሞ የእኔን ያዘ። ተጓተትን፣ ተማማልን፣ በመጨረሻ እኔ የእሱን፣ እሱ የእኔን ተሸክመን አቀበቱን ተያያዝነው። የእኔ ቦርሳ ይከብድ ነበርና፣ አባቱ የሞተበትን ሰው ዕቃ አሸክሜ ተራራ ማስወጣቴ ኅሊናዬን ወጋኝ።

የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ስንደርስ ውርጩ ገና ከጓሳው ሣር አልረገፈም። ዐሥር የተቀቀለ ዕንቁላል ይዤለት ነበር። እሱም ለካ ለእኔ ዐሥር ይዟል። አጎረስሁት፤ አጎረሰኝ። ሁለት ጎልማሶች ተፋጥጠን ቁጭ ብለን፣ አንዱ አላምጦ ሳይውጥ ሌላው እያጎረሰው ስምንት ስምንት ዕንቁላል ደረስን።

«አባቴ ይሙት ይችን ካልበላህ!» አለኝ።

ክው አልሁ። የሞተ አባቱን እንደገና ይገድላል፤ እኔ ደግሞ ዐውቄ ዝም። እንባዬ መጣ። ደንግጬ «አባቴ ይሙት ጠግቤያለሁ!» ስለው፣ ፊቱ ዐመድ መሰለና አፌን በመዳፉ ከደነው። «እንዲህ አይባልም» አለኝ። አሁን እሱ ራሱ ማለ አይደል? ሐዘን ሳይነገረው እንኳ ሰውን ቅጥ ያሳጣዋል ማለት ነው አልሁ በልቤ።

ወደ ሁለተኛው ጫፍ ስንወጣ ሌላ ጭንቅ መጣ። በዚያ አገር ስልክ የሚሠራው ከፍታ ላይ ነው፤ ከወጣን ደግሞ አንዱ ደውሎ ያረዳዋል። «ስልክህን ስጠኝ፤ ፎቶ ላንሣበት» አልሁት። ሳያንገራግር ሰጠኝና «ያንተንም ወዲህ በል፤ ላብ ያበላሽብሃል» አለኝ። የእሱ ስልክ በእኔ ኪስ፣ የእኔም በእሱ ኪስ ሆነ። ፎቶ ማንሣቱን ሁለታችንም ረሳነው።

እውነቱን ልናገርና፣ በራሴ መኩራት ጀመርሁ። ከትናንት ጀምሮ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም! ማታ ለአባቴ ስነግረው አያምነኝም እያልሁ፣ የዕንቁላሉን ነገር ከየት እንደምጀምርለት ሳሰላ ተራራው አለቀ። ደግሞም፣ ማለት ያሳፍራል እንጂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሞተው የእኔ አይደለም።

ሦስተኛው ጫፍ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ይነጫል። እዚያ መሀል ስንደርስ በኪሴ ያለው ስልክ ጮኸ። አውጥቼ ሳየው «አባባ» ይላል።

ሟቹ ደወሉ። ስልኩን እንደያዝሁ ጭላዳውን ባየው ጭላዳውም አየኝ። ከዚያ ወደ ልቤ ተመለስሁና፣ ከወንድሞቹ አንዱ በአባቱ ስልክ እየደወለ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ዘጋሁት። ደግሞ ጮኸ። ጨርሼ አጠፋሁት።

«ማነው?» አለ ከፊት ሆኖ።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

አልጠየቀኝም። በዚያ ቀን ምንም ብለው ያምነኝ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ያነክስ ጀመር። እንደሱ እያነከሰ ዞር ብሎ «ደክሞህ እንደሆን ላዝልህ» ቢለኝ ንዴቴ ገነፈለ። «ምን ሆነሃል አንተ? ከጠዋት ጀምሮ ሙሽራ አደረግኸኝ እኮ!» ብዬ ጮኽሁበት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ደመ ነፍሱ ነግሮታል ብዬ አቀፍሁት። እሱም እኔን አቅፎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ማን ማንን እንደሚያጽናና ያልለየለት እንዲህ ያለ መተቃቀፍ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

አራተኛው ጫፍ ላይ የደረስነው ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ሆኖ መንደሩ ከታች ይታያል። ጅብራ ተክሎቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ስልክ ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆመዋል። የሰዓት ሠሪው አባት ነበሩ።

በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። ሽማግሌው ደግሞ አነጠሱ። የሚያነጥስ መንፈስ ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ደስታው ከእግሬ ተነሥቶ አናቴ ላይ ወጣ። ጓደኛዬን አንገቱን አንቄ ዘለልሁ። «አባትህ አልሞቱም! ውሸት ነው! እኔ ሞተዋል ተብዬ እኮ ነው ያመጣሁህ፤ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ!» እያልሁ ሳቅሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አፍኜ የያዝሁትን ሁሉ ሳቅሁት።

እሱ አልሳቀም። አባቱንም አላየም። የሚያየው እኔን ነበር።

ሽማግሌው እያዘገሙ መጡ። «ምነው ልጄ፣ ስልኩን ምነው አጠፋኸው?» አሉት ልጃቸውን፣ ድምፃቸው እየተቆረጠ። «በታችኛው መንገድ አምጣው ልልህ እኮ ነው። ከዚህ ሁሉም ይታያል።»

ወደ ታች አየሁ። ድንኳኑ በእኛ ቤት በራፍ ላይ ነበር።

ሳቄ ወዲያው አልቆመም፤ እንደ ተገፋ መኪና ትንሽ ራሱን ችሎ ሄደ። አጎቴ ለምን የሰዓት ሠሪውን አባት እንደ ገደለ ያን ጊዜ ገባኝ። «አባትህን ትንሽ አሞታል» ቢለኝ ያንኑ ደቂቃ ዐውቄ ፒያሳ መሀል እወድቅ ነበር። ጓደኛዬ እውነቱን ከአባቱ አፍ ሰምቶ፣ በታመመ ጉልበቱ አራት ተራራ ቦርሳዬን ተሸክሞልኛል።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው በላዬ ጣሉብኝ። በሁለት ጎን ደግፈው ሲያወርዱኝ እንኳ ልቤ ልማዱን አልተወም። ዕንቁላሉን፣ የተለዋወጥነውን ቦርሳ፣ ጭላዳው መሀል የደወሉልኝን ሟች፣ ለአባቴ በየትኛው ጀምሬ በየትኛው እንደምጨርስለት ያሰናዳ ነበር። ሳል እስኪይዘው የሚስቅበት ወሬ ነበር።