ክሮከር ማለት

ልጅ ሳለሁ፣ ወለቃ በምትባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር ውስጥ፣ እናቴ ሸክላ በምታቃጥልባቸው ቀናት አመሻሹ ላይ አያ ደርሶ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። የእናቴ አጎት ናቸው። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ቢያስለቅሰንም ቦታችንን አንለቅም ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ግን አንድ ምሽት ጨዋታቸው አልጥምሽ አለኝ። በነጋታው መምህራችን እያንዳንዳችንን አስነሥተው የወላጆቻችንን ሥራ ሊጠይቁን ነበር። እኔ ደግሞ አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ፣ እናቴ ሆስፒታል እንደምትሠራ ነግሬያታለሁ። ሸክላ ሠሪ ሲባል ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ያኔም አውቅ ነበር። ስለዚህ ሆዴን አመመኝ ብዬ ልቀር፣ ከዚያም ትምህርቱን ጨርሼ ልተወው ቆርጬ ነበር።

«ዛሬ የማወራው ተረት አይደለም» አሉ አያ ደርሶ። «አንድ ጊዜ አስፋልቱ ዳር ሸክላ ስንሸጥ አንድ እንግሊዝ ከአስጎብኚ ጋር መጣ። አስጎብኚው የኋለኛው ስሙ ክሮከር ነው አለኝ። እኔም የአባቱ ስም መስሎኝ ‹አቶ ክሮከር ደኅና ናቸው?› ብዬ ጠየቅሁት። ለካ አባቱም፣ አያቱም፣ ወንድሞቹም ሁሉም ክሮከር ናቸው!»

«ታዲያ አንዱ ሲጠራ ሁሉም አቤት ይላሉ?» አለች ታናሽ እህቴ። ሁሉም ሲስቁ እኔ አልሳቅሁም።

«እሱ ራሱ ሲጠራው ‹ክሮካ› ነው የሚለው፤ መጨረሻዋን ይውጣታል። በአገሩም ይህ ስም ያለው ሰው ብዙ አይደለም አለኝ።»

እሳቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። እናቴ ደንግጣ በረጅም እንጨት ፍሙን ገለጥ አደረገች። ትልቁ እንስራ ከሥር ነበር። አያ ደርሶ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግሊዙ አንድ ገንቦ አንሥቶ ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ ልክ እንደኛ በጣቱ አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ። ‹ሸጋ ነው፤ ማን ሠራው?› አለ። ሚስቴ አጠገቤ ናት፤ እጇ ላይ ያለው ጭቃ እንኳ አልደረቀም። አብረውት የከተማ ሰዎች ነበሩና አፈርኩ። ‹እኛ አይደለንም፤ ከሩቅ ገዝተነው ነው› አልኩ።»

አያ ደርሶ አንድ ኩበት ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ።

«ያኔ ነው የስሙን ትርጉም የነገረኝ። በድሮ እንግሊዝኛ ክሮክ ማለት ገንቦ ነው፤ ክሮከር ገንቦ ሠሪ። ከዘር ማንዘሩ አንዱ ሸክላ ሠሪ ነበርና ስሙ እስከ እሱ ወረደ። ይህን ሲናገር አንገቱን አልደፋም። ሚስቴ ሁሉንም ሰማች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እስክትሞት ድረስ አላነሣችብኝም። ምነው በሰደበችኝ!»

ቀና ስል እናቴ በእሳቱ ብርሃን እጆቿን ታራግፋለች።

በነጋታው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ።

«የእናትሽ ሥራ?»

«ሸክላ ሠሪ።»

«አልተሰማም፤ ጮክ በይ!» አሉ መምህራችን።

ከኋላ ሹክሹክታ ሰማሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» ብዬ ደገምኩት።

ልጅቷ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። ቤት ስደርስ እናቴ እንስራውን በጣቷ እያንኳኳች ታዳምጥ ነበር። ምንም ሳልነግራት አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት አዳመጥኩ። አልተሰነጠቀም።

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ሰው ፊት መናገር ዛሬም ያስፈራኛል። ከአያ ደርሶ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ያቺ ሴት ግን፣ በዓይኔ አይቻት ባላውቅም፣ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።