አይጦቹ ምን አሉ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ተሳካ! ጉበታቸው ንጹሕ ነው!» እያለች ቢሮዬ ገባች። እሬት አጠጥታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሰጠቻቸው አይጦች ደህና ሆነውላታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጅግጅጋ አጠገብ አውበሬ በምትባል ከተማ ታመው ተኝተው ስልክ ይደውሉልን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ልሠራ ከደሴ ጅግጅጋ የመጣሁ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ጎረምሳ ነበርኩ። አብራኝ የምትሠራው ሆዳን የአውበሬ ልጅ ናት። እሬት፣ ሶማሌዎች ዳዓር የሚሉት ማለት ነው፣ ጉበትን ከጉዳት ይከላከል እንደሆነ እንፈትሽ ነበር። በዚያው ሰሞን የአባቷ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ሆዳቸው ተነፋ። በጋለ ብረት ሆዳቸው ላይ ተተኮሱ፤ አልተሻላቸውም። ሐኪሙ ጉበታቸው ክፉኛ ተጎድቷልና ሐረር ይሂዱ አለ። እሳቸው እንዴት ተደርጎ!

ልናግባባቸው ሄድን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና መኪናችን ቀዩ ጭቃ ውስጥ እየዋኘ ነው የደረስነው። የግመል ወተት ሻይ ቀረበልን። ዕድሜ ልካቸውን የጠጡት ሻይ ሽታው አስጠልቷቸው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

«አዴር ጃማ፣ እባክዎ ሐረር ይሂዱ» አልኳቸው። አዴር አጎት እንደማለት ነው።

ድሮ የጭነት መኪና ሲነዱ በለመዱት አማርኛ መለሱልኝ። «ጎረቤቴ ሐረር ሄዶ በከፈን ተጠቅልሎ ነው የመጣው። እናንተ ዳዓር ትፈትሹ የለ? አይጦቹ ከዳኑ እኔም እጠጣለሁ። ካልዳኑ ውሰዱኝ። ወላሂ!»

ስንመለስ ሆዳን መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። የሥራችን ደንብ ሌላ ነዋ! አይጡ መጀመሪያ እሬቱን ለቀናት ይጠጣል፤ የራስ ምታት ክኒን ከመጠን በላይ ተሰጥቶት ጉበቱ የሚመረዘው ከዚያ በኋላ ነው። የአባቷ ጉበት ግን ቀድሞ ተጎድቷል። ስለዚህ አማካሪያችንን ለምና ሌላ የአይጥ ሳጥን አስጨመረች። የነዚህኞቹ መርዙ ይቀድማል፤ እሬቱ ይከተላል።

ከዚያ ወዲያ አዴር ጃማ በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም፤ «አይጦቹ ምን አሉ?» ነው። እኛ እንስቃለን፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እያደር ግን ለመሳቅ ትንፋሽ አጠራቸው።

ጉበቶቹን ያወጣን ዕለት፣ ቀድመው የጠጡት አይጦች ጉበት ቀይና ለስላሳ ሆኖ ሳየው «ተሳካ!» ብዬ ጮህኩ። አማካሪያችን እጄን ጨበጠኝ። ሆዳን ሌላኛው ሳጥን ላይ አጎንብሳለች። አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የተረፉትም ጉበታቸው ገርጥቶ ነጠብጣብ ወርሶታል። ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን አባቴን ምን ብዬ ልንገረው?»

ስልኳ ጠራ። እኔ አነሳሁላት።

«አይጦቹ ምን አሉ?»

«ሐረር ይሂዱ አሉ፣ አዴር።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«አንድም የዳነ የለም?»

«ሳይታመሙ ቀድመው የጠጡት ብቻ።»

«እንግዲያው መኪና ላኩልኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ቃላቸውን ጠበቁ። ግን ሐረር አልደረሱም። መኪናችን የካራማራን ዳገት ሲወጣ፣ ራሳቸውን ልጃቸው ጭን ላይ እንዳደረጉ አረፉ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ ዞሬ ላያት አልቻልኩም። እንደዚያን ቀን አቅም አጥቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ሳስታውስ ተማሪዬ ፊቴ ቆማ ምስጋና ትጠብቅ ነበር።

«እሬቱን መቼ ነው የሰጠሻቸው?» አልኳት።

«ከመርዙ በፊት ነዋ፣ ቲቸር።»

«ከመርዙ በኋላ የሚጠጡም ጨምሪ።»

«ካልሠራስ? ውጤቴን ያበላሽብኛል እኮ!»

«ካልሠራ ቶሎ ንገሪን፣ እኅቴ» አልኳት። «የሚጠብቅ ሰው አለ።»